ትራክ ላይ ለምትነዱ፦ የሞተር ዘይት ልክ ከሀ እስከ ፐ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲነዳ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና ውድድር ሜዳ ይገኛል። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያዎች አሉት። ቅዳሜና እሁድ ክለቦች ሜዳውን ይከራዩና ተራው ሰው በገዛ መኪናው፣ እንደ ችሎታው በቡድን ተከፋፍሎ፣ በየፈረቃው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንዲነዳ ያደርጋሉ። ከዲሲ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጡ አበሾች በየጊዜው ያጋጥሙኛል። አብዛኞቹ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ሲጠይቁኝ ስለ ዘይት ግን ማንም አይጠይቀኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

የመጀመሪያ ሞተሬን ያጣሁት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዤ ሳይ ዘይቱ በዘንጉ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መሀል ነበር። «ይበቃል» ብዬ መለስኩትና ቀኑን ሙሉ ኮፈኑን አልከፈትኩም። አራተኛው ፈረቃ ላይ፣ ካሩሰል የሚሉትን ረጅም መታጠፊያ ጨርሼ ነዳጅ ስሰጥ፣ ከሥር ቀጭን የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ፤ ታክ፣ ታክ፣ ታክ፣ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር አብሮ የሚፈጥን። መኪናዋን አቁሜ መለኪያውን ስመዘው የረጠበው ጫፉ ብቻ ነበር። ቤት ገብቼ ኮፓውን ስፈታ ዘይቱ ውስጥ ወርቅማ ብናኝ ያብለጨልጭ ነበር። የቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቤሪንግ ነው ተፈጭቶ የወረደው። ጠዋት ግማሽ ሊትር ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰ።

ዘይቱ መታጠፊያ ላይ ምን ይሆናል?

ይህ ካልገባችሁ የቀረው ሁሉ የቃል ጥናት ይሆንባችኋል፤ ስለዚህ ታገሱኝ።

በብዙዎቻችን መኪና ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር ባለው ሳህን፣ በኮፓው ውስጥ ነው። የዘይት ፖምፓው ከኮፓው ወለል አጠገብ በተቀመጠ መምጠጫ ቱቦ እየሳበ ወደ ፊልትሮው፣ ከዚያ ወደ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና ወደ ቴስታታው (ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይልከዋል። ቤሪንጎቹን፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸውን ስስ ብረቶች፣ ከክራንክሻፍቱ የሚለያቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ንጣፉ ካለ ብረት ብረትን አይነካም፤ ከሌለ ይነካል።

አሁን ውሃ የሞላ ሳፋ ይዛችሁ በፍጥነት ስትዞሩ አስቡት። ውሃው ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይወጣል። ኮፓ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። መኪናው በ1 ጂ ሲታጠፍ፣ ማለትም ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ሲሆን፣ የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። በግማሹ፣ በ0.5 ጂ እንኳ፣ 27 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥሩ ጎማ የገጠመ ቀላል መኪና ትራክ ላይ ወደ 1 ጂ መጠጋቱ የተለመደ ነገር ነው። ዘይቱ ወደ አንድ ግድግዳ ሲሸሽ መምጠጫው ባዶ ቦታ ላይ ይቀርና አየር ይስባል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ፖምፓው ወደ ላይ የሚልከው ዘይት በመመለሻ ቀዳዳዎቹ ቶሎ አይወርድም። ከፊሉ ቴስታታው ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ ግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ያያችሁት ልክና እየነዳችሁ ኮፓው ውስጥ ያለው ልክ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ያነሰ ነው። እንደ ሱባሩ ያለ ሲሊንደሮቹ ተጋድመው የተሠሩ ሞተር ከሆነ ደግሞ መታጠፊያው እስኪያልቅ ድረስ ዘይቱ በውጭ በኩል ባለው ቴስታታ ውስጥ ታግቶ ይቆያል።

በደቂቃ 6,000 የሚዞር ሞተር በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል። ሁለት ሰከንድ አየር ቢስብ 200 ዙር በደረቁ ዞረ ማለት ነው። አደጋውን የሚወስነው የመታጠፊያው ርዝመት የሆነው ለዚህ ነው። አጭርና ጠባብ መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ሸሽቶ ይመለሳል፤ ረጅሙ ላይ ግን ሸሽቶ እዚያው ይቆያል።

ሲበዛስ?

አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ «ዘይት ቢያንስ እንጂ ቢበዛ አይጎዳም» ሲባል እየሰማን አድገናል። ግማሹ እውነት ነው። ልኩን በጣም ሲያልፍ ግን የክራንክሻፍቱ ክብደቶች ዘይቱን እንደ እንቁላል ይመቱታል። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሞተሩ ጎማውን ሊያዞርበት የሚገባውን ጉልበት ዘይት በመምታት ያባክናል፤ የባከነው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ዘይቱን ያግላል። መኪናው ቀጥታው ላይ «ታስሯል» የምትሉት ስሜት አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። ፖምፓው አረፋ ሲልክ አየር እየላከ ነው፤ አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ቤሪንጉን አይሸከምም። ከ1990 እስከ 1997 የወጡት የማዝዳ ሚያታ ሞተሮች ቫልቮቻቸው በዘይት ግፊት ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ናቸው፤ አረፋ ሲገባባቸው ከላይ ቲክ ቲክ ማለት ይጀምራሉ። የቫልቭ ጊዜያቸውን በዘይት ግፊት የሚቀይሩ አዳዲስ ሞተሮችም በአረፋ በትክክል አይሠሩም።

የበዛው ዘይት በትንፋሽ ቱቦው አድርጎ ወደ አየር ማስገቢያውም ይሄዳል። ከቤንዚን ጋር ሲቃጠል ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ የነዳጁንም የማንኳኳት መከላከያ ኃይል ያዳክማል። እኔ ጋ መጥተው «ሞተሬ ዘይት ይበላል» ካሉኝ ሰዎች መካከል ከምልክቱ በላይ ሁለት ጣት ሞልተው ያገኘኋቸው አሉ።

ደረጃ 1፦ መለኪያችሁን ቤት ሆናችሁ እወቁት

ይህ ሥራ ዘይት በምትቀይሩበት ቀን ይሠራል። ለትራክ የሚሆን ዘይት ቀድማችሁ ያዙ። የአምራቹ መመሪያ 5ደብሊው-30 (የዘይቱን ውፍረት የሚያሳይ ቁጥር ነው) የሚል ከሆነና መመሪያው ለሞቃት አየርና ለከባድ ሥራ ወፈር ያለውን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ለበጋ ትራክ አንድ እርከን ወፈር ያለ፣ ለምሳሌ 5ደብሊው-40 ሙሉ ሲንተቲክ፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ስለ ዘይት ዓይነት ከዚህ በላይ ጊዜ አላጠፋም። ልኩ የተስተካከለ መካከለኛ ዘይት ልኩ ከጎደለ ውድ ዘይት ይሻላል።

መኪናውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁሙ። ጋራዥችሁ ወለሉ ወደ ፍሳሽ ያዘነበለ ሊሆን ይችላልና ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ዘይቱን ሞቅ እያለ ለቅቃችሁ፣ ፊልትሮውን ቀይራችሁ፣ መመሪያው የሚለውን መጠን በሚለካ ዕቃ ጨምሩ። የሚያታ 1.8 ሊትር ሞተር ለምሳሌ ከነፊልትሮው 3.8 ሊትር ይይዛል። ሞተሩን አስነሥታችሁ መደበኛ ሙቀቱ እስኪደርስ ጠብቁ፤ አጥፉት፤ 5 ደቂቃ ቁሙ። መለኪያውን መዝዛችሁ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሱ፣ እንደገና መዝዙ፣ አንብቡ። ከዚያ መለኪያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

ቀጥሎ 250 ሚሊ ሊትር ጨምሩና እንደገና ለኩ። አሁን በእናንተ መኪና ሩብ ሊትር መለኪያው ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አወቃችሁ። በብዙ መኪና ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ግን የራሳችሁን መለኪያ ራሳችሁ ስትለኩት ነው የምታምኑት። ለመለኪያ ብላችሁ ከላይኛው ምልክት በላይ የጨመራችሁትን መልሳችሁ አውጡ።

ሦስት ነገር እዚህ ላይ ሰው ያሳስታል። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ 4 ሊትር ዘይት ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ወደ ሩብ ሊትር የሚጠጋ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት በብርድ፣ ከሰዓት በግለት ለክታችሁ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት ዋጋ የለውም። አንድ መንገድ ምረጡ፣ በዚያው ጽኑ። ሁለተኛው፣ ሁሉም መኪና በዚህ መንገድ አይለካም። የድሮዎቹ በአየር የሚቀዘቅዙ ፖርሸ 911 መኪኖች ዘይታቸው በተለየ ታንክ ስለሚቀመጥ የሚለኩት ሞተሩ ግሎ፣ ሳይጠፋ እየሠራ ነው። ሦስተኛው፣ ከአዲሶቹ ቢኤምደብሊው መኪኖች ብዙዎቹ መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ልኩን የሚነግራችሁ ስክሪኑ ነው፤ እርሱም ሞተሩ ሞቆ ጊዜ ሲያገኝ። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ በሁለት ፈረቃ መካከል ለመለኪያ የሚሆን ጊዜ አስቀድማችሁ ያዙ።

ደረጃ 2፦ እስከ የት ልሙላ?

ለመንገድ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ሁሉ ልክ ነው። ለትራክ ግን ልክ የሆነው የላይኛው ምልክት ብቻ ነው። ከዚያ ጀምሩ።

የዘይት ግፊት መለኪያ ካላችሁና ረጅሙ መታጠፊያ ላይ መርፌው ሲወርድ ካያችሁ 250 ሚሊ ሊትር ጨምሩና በሚቀጥለው ፈረቃ ተመልከቱ። ካልተስተካከለ ሌላ 250። እኔ የማቆመው እዚያ ነው፤ ከላይኛው ምልክት ግማሽ ሊትር በላይ ለማንም አልመክርም። ግማሽ ሊትር ጨምራችሁም መርፌው ከወረደ ችግሩ የዘይት ማነስ ሳይሆን የኮፓው ቅርጽ ነው፤ መፍትሔውን ወደ መጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ። ግፊት መለኪያ የሌላችሁ ሰዎች ከምልክቱ በላይ አትሙሉ። የማታዩትን ነገር በግምት ማስተካከል አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ዓይን ግጠሙለት

ከፋብሪካ የመጣው ቀይ የዘይት መብራት ለትራክ አይሆንም። አብዛኛው የሚበራው ግፊቱ ከ10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በታች ሲወርድ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ያ ግፊት ይበቃ ይሆናል፤ በ6,000 ዙር ግን መብራቱ ሳይበራ ጉዳቱ ያልቃል። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን መርፌም አትመኑት። በሚያታ ላይ እውነተኛ ግፊት የሚያሳየው ከ1990 እስከ 1994 የወጡት ላይ ያለው ነው። ከ1995 ጀምሮ ያለው መርፌ ግፊት አለ ወይም የለም ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ግፊት እስካለ መሀል ላይ ተተክሎ ይቀመጣል።

እውነተኛ ግፊት መለኪያና የዘይት ሙቀት መለኪያ ግጠሙ። መካኒክ ካስገጠማችሁ ቱቦውና መጋጠሚያው የት እንደገባ አብራችሁ እዩ፤ በደንብ ያልጠበቀ መጋጠሚያ ራሱ ዘይት ያፈስሳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉትን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ መለኪያውን አሽከርክረው ይገጥሙታል፤ መርፌው በጤናማው ግፊት ላይ ሲሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ። መታጠፊያ ውስጥ ቁጥር ማንበብ አይቻልም፤ የተጋደመ መርፌ ግን በዓይን ጠርዝ ይታያል። ከዚህም የሚሻለው ግፊቱ ከ25 ፒኤስአይ በታች ሲወርድ የሚበራ ደማቅ መብራት መሪው ፊት ለፊት ማድረግ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ሊበራ ይችላል፤ አትደንግጡ፤ የሚያሳስበው እየነዳችሁ ሲበራ ነው።

የቆየ የመካኒኮች ልክ አለ፦ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 10 ፒኤስአይ። በ6,000 ዙር 60 ገደማ ማለት ነው። ሁሉም ሞተር በዚህ አይሄድም፤ መነሻ እንዲሆናችሁ ግን ያዙት። ሙቀቱ ከ100 እስከ 125 ዲግሪ ሲሆን መልካም ነው። 135 ካለፈ ፍጥነት ቀንሱ፤ ወደ 150 ከተጠጋ ፈረቃው ለእናንተ አልቋል፣ ውጡ። ሙቀት ሲጨምር ዘይት ይቀጥናል፣ ግፊት ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለቱን መለኪያዎች አብራችሁ አንብቡ።

ደረጃ 4፦ ሜዳው ላይ

መኪኖች የሚያርፉበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሣር ወይም ጠጠር ነው፤ ጠፍጣፋ መስሎ ያዘነበለ ይሆናል። ስትደርሱ ጠፍጣፋ ቦታ ፈልጉ፣ ጎማው የሚያርፍበትን በቴፕ ወይም በኖራ ምልክት አድርጉበት፣ በየፈረቃው እዚያው ላይ፣ በዚያው አቅጣጫ አቁሙ።

ይዛችሁ የምትሄዱት ጥቂት ነው፦ ቢያንስ 2 ሊትር ያንኑ ዘይት፣ ረጅም አንገት ያለው ማፍሰሻ፣ ነጭ የወረቀት ፎጣ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስታወሻ ደብተር።

ጠዋት የፍተሻ ሰዎች መኪናውን ከማየታቸው በፊት ራሳችሁ እዩት። የመሙያው ክዳን ጠብቋል? መለኪያው እስከ መጨረሻው ገብቷል? ፊልትሮው ዙሪያ፣ የመልቀቂያው ብሎን ላይ፣ የቴስታታው ክዳን ጋርኒሲዮን ላይ እርጥበት አለ? ንጹሕ ካርቶን ከሥር አንጥፉና አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ጠብታው የት እንደወደቀ ካርቶኑ ይነግራችኋል።

ከእያንዳንዱ ፈረቃ በኋላ የማደርገው ይህን ነው። የመጨረሻውን ዙር በቀስታ ነድቼ ሞተሩን አቀዘቅዛለሁ፤ ምልክቱ ላይ አቆማለሁ፤ አጠፋለሁ፤ ኮፈኑን እከፍታለሁ፤ የራስ ቁሬን አውልቄ ውሃ እጠጣለሁ። አምስት ደቂቃው በዚህ ያልፋል። ከዚያ እለካለሁ። ስለካ የማየው ቁመቱን ብቻ አይደለም። መለኪያው ላይ ጥቃቅን አረፋ ካለ ወይ በዝቷል ወይ አየር ስቧል። ወረቀቱ ላይ ጠብ ሳደርገው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተኝ ነዳጅ ገብቶበታል። ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ካየሁ የራዲያተር ውሃ ገብቷል ብዬ እፈራለሁ፣ ያን ቀን አልነዳም። ጨርቁን በጣቶቼ መሀል ስፈትገው የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር ካለም ያው ነው።

ልኩ ከጎደለ እስከ ነበረበት ጨምሩ። መንገድ ላይ ምንም የማይጎድል ሞተር ትራክ ላይ በቀን ሩብ ወይም ግማሽ ሊትር ቢጠጣ አትገረሙ። በከፍተኛ ዙር ላይ ነዳጁን ለቅቃችሁ በሞተር ስትይዙ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይቱን በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ወደ ላይ ይጎትተዋል። ልኩ ከጨመረ ግን ተጠንቀቁ። ዘይት በራሱ አይበዛም፤ ቤንዚን ወይም ውሃ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ እየነዳችሁ ግፊት ከወረደ

መታጠፊያ ውስጥ መብራቱ ብልጭ ካለ የነዳጅ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ በድንጋጤ ፍሬን አትርገጡ፤ መኪናው ይሽከረከራል። መሪውን ስታቃኑ ግፊቱ ከተመለሰ እጃችሁን አውጥታችሁ ምልክት ስጡ፣ ከሩጫው መስመር ውጡ፣ በቀስታ ወደ ማረፊያው ተመለሱና ለኩ። «አንድ ዙር ብቻ ልጨርስ» አትበሉ።

ካልተመለሰ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ መሪው ሊከብድ እንደሚችል አትርሱ፤ ከመስመሩ ርቃችሁ ባንዲራ የያዙ ሰዎች ወዳሉበት አቅራቢያ ቁሙ። ዘይት እያፈሰሳችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ማረፊያው መንዳት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው መታጠፊያው ላይ ዘይታችሁን ያገኘዋል። ቢጫና ቀይ ቋሚ መስመሮች ያሉት ባንዲራ የሚውለበለበው ለዚህ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚያንሸራትት ነገር አለ ማለት ነው። ጥቁር ባንዲራ ወደ እናንተ ከተጠቆመ እናንተ የማታዩትን ጭስ ሰው አይቶላችኋል፤ ግቡ።

ዘይት መጨመር ሳይበቃ ሲቀር

መጀመሪያ የሚሠራው ኮፓው ውስጥ ባፍል ማስገባት ነው፤ ዘይቱ ከመምጠጫው ዙሪያ እንዳይሸሽ የሚያግዱ የብረት ክፋዮች ናቸው፤ የተሻሉት ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሏቸው። ለብዙ ትራክ ወዳጅ ይህ ይበቃዋል፣ ገንዘቡም የሚያወጣ ነው። ቀጥሎ አኩሳምፕ የሚባለው አለ፦ በአየር ግፊት የታመቀ ዘይት የያዘ ሲሊንደር ነው፤ የሞተሩ ግፊት ሲወርድ የያዘውን ይለቅለታል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ቤሪንጎቹን ያረጥባል። ይህን ስትገጥሙ የዘይት ልክ አለካካችሁ ይቀየራል፤ ሲሊንደሩ ሞልቶና ባዶ ሆኖ ሁለት የተለያየ ንባብ ስላለው ሁልጊዜ በአንዱ ሁኔታ ለኩ። የመጨረሻው ደረቅ ኮፓ ነው፤ ዘይቱ ከሞተሩ ውጭ በረጅም ታንክ ይቀመጣል። የ2006 ኮርቬት ዚ06 ከፋብሪካ ይህን ይዞ ወጥቷል። በኋላ ማስገጠም ግን ውድ ነው፤ ለትርፍ ጊዜ ነጂ አልመክረውም።

ቤት ስትመለሱ

ከሁለት ወይም ከሦስት የትራክ ቀን በኋላ ዘይቱን ቀይሩ። ያገለገለውን ብዙ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች በነጻ ይቀበላሉ፤ ቆሻሻ መጣያ ወይም ፍሳሽ ውስጥ አታፍስሱት። አሮጌውን ፊልትሮ አትጣሉት፤ ለፊልትሮ በተሠራ መቁረጫ ክፈቱት፤ ተራ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርበታልና ያሳስታችኋል። ወረቀቱን አውጥታችሁ ዘርጉ፣ አንጠፍጥፉ፣ ፀሐይ ላይ አዘንብሉት። ጥቁር ደቃቅ ነገር ጥላሸት ነው፤ ችግር የለውም። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው። ማግኔት የማይስበው የሚያብለጨልጭ ስስ ቅርፊት ካገኛችሁ ቤሪንጎቹን ሳታዩ ወደ ሜዳ አትመለሱ።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የአየሩን ሙቀት፣ በየፈረቃው የለካችሁትን ልክ፣ የጨመራችሁትን መጠን፣ በረጅሙ መታጠፊያ ላይ ያያችሁትን ዝቅተኛ ግፊት ጻፉ። እኔ ደብተሬን ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከመለኪያው ፎቶ ጋር አኑሬዋለሁ፤ ገጾቹ በዘይት ጣት ተጨማልቀዋል፣ ግን ይነበባሉ።